መጀመሪያ እናትሽ ጋ ደውዪ

እትዬ ስንዱ የተቀበረች ዕለት የቀጨኔ ሴቶች ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ዋሉ።

ላላወቀ ሰው እንዴት ያሉ መንፈሳውያን ናቸው ያሰኛል። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት የተቀመጡት አገጫቸውን ሽቅብ ሰቅለው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው ያራግቡ ነበር። ነገሩ ግን ጸሎት አይደለም። የሠርግ ወቅት ስለነበር አብዛኞቹ በዚያው ሳምንት ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት አስለጥፈዋል፤ ሙጫ ደግሞ እንባ አይወድም። እንባው ወደመጣበት እንዲመለስላቸው ነው ሽቅብ የሚያዩት። ያንን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ የለጠፈችላቸው፣ «ውሃ እንዳታስነኩት» ብላ ያስጠነቀቀቻቸው ሴት ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ተኝታለች። ምክሯን እንደዚያን ቀን አክብረውላት አያውቁም።

አንዷ አልቻለችም፤ ለቀቀችው። ከግራ ዓይኗ የተላቀቀ ዘለላ ጉንጯ ላይ ተለጥፎ እስከ መቃብሩ ድረስ አብሯት ሄደ። ማንም አልነገራትም። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ በማግስቱ ነው የሚወራው። አንዲት ልጅ ብቻ ከኋላ ተቀምጣ አቀርቅራ፣ መሬት መሬቱን እያየች እንደ ልቧ ታለቅስ ነበር። እሷ ሊዲያ ናት፤ እመለስባታለሁ።

እኔ አላለቀስኩም። ሽፋሽፍት አስለጥፌ አይደለም፤ አልመጣልኝም በቃ። ይልቅ ያችን ጉንጯ ላይ ዘለላ ይዛ የምትሄደውን ሴት ሳይ ዘወር ብዬ ለእትዬ ስንዱ ልነግራት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ የምነግረው ለእሷ ነው። ሞቷን የሰማሁትም እንደ ሥራ ጉዳይ ነው። ልጇ በጠዋት ደውሎ፣ «ሐያት፣ ዛሬ ሳሎኑን እንዳትከፍቺ» አለኝ። ደም ግፊት ነው አሉ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ቁልፉን ይዤ ደጃፌ ላይ ቆምኩ።

ሳሎኑ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል ሲወረድ በስተግራ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከፊት እኔ ጸጉር አጥባለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ እተኩሳለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አልጋ አለ፤ እሱ የእትዬ ስንዱ ግዛት ነበር። አልጋው ከተዘጋ ክሊኒክ የተገዛ ስለሆነ አዲስ ደንበኛ ገና ጋደም እንዳለች፣ «እዚህ ላይ ሰው ሞቷል?» ብላ ትጠይቃለች። እትዬ ስንዱ ሙጫዋን እያዘጋጀች፣ «ሞቷል፤ ሽፋሽፍቱ ግን አምሮ ነበር» ትላለች።

ሃምሳን ያለፈች፣ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ነበረች። ሻሿ ላይ ሁልጊዜ ወረንጦ ተሰክቷል። የገባሁ ሰሞን «እርስዎ» ስላት፣ «ደንበኛ ፊት ዕድሜዬን አትቁጠሪብኝ» ብላ ከለከለችኝ። «እትዬ» የሚለውን ግን አልከለከለችም፤ ወጣትነቱንም ክብሩንም አንድ ላይ ፈልጋ ነበር። የራሷ ሽፋሽፍት ሳስቶ ዳር ዳሩ ብቻ የቀረ ነው። «ለራስሽስ ለምን አትለጥፊም?» ሲሏት፣ «እኔ ዓይን የተሰጠኝ ላይበት ነው፤ ልታይበት አይደለም» ትላለች። እንዲህ ብላ ወዲያው የጠያቂዋን አገጭ ይዛ ሥራዋን ትቀጥላለች።

አሁን በየሰፈሩ አጭር ኮርስ ወስደው ሰርተፍኬታቸውን በፍሬም የሰቀሉ ልጆች አሉ። ደንበኛ ሲመጣ የዓይን ቅርፅ ያጠናሉ፤ አንቺ የድመት ዓይን ነው የሚሆንሽ፣ አንቺ የአሻንጉሊት፣ ምናምን። እትዬ ስንዱ ለቅርፅ ደንታ አልነበራትም። አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ታዞርና ምርመራ ትጀምራለች።

«ቤት ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፈው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ አንድ በአንድ የሚለጠፈውን ኤክስቴንሽን እርሺው። ስትተኚስ በጀርባሽ ነው በሆድሽ?»

«በሆዴ።»

«ትራሱን ነው የምናስውበው ማለት ነው። ከባልሽ ጋር ስትጣዪ ታለቅሻለሽ ወይስ ትሳደቢያለሽ?»

ለተሳዳቢ ሁሉም ዓይነት ተፈቅዷል። ለአልቃሻ ማስካራ እንኳ አትፈቅድም ነበር። ውሃ አይነካውም ተብሎ የተጻፈበትን ማስካራ ይዘው ሲመጡ፣ «ውሃ የማይነካው ሳሙናም አይነካውም፤ እስከ ምጽአት አብሮሽ ነው» ትላለች። በማግኔት የሚጣበቀውን ከማኪና ቁልፍሽ ጋር እንዳይያያዝ ትል ነበር። ሊፍት የሚሉትን፣ የራስን ሽፋሽፍት ሽቅብ አጥፎ የሚያቆመውን፣ ሽፋሽፍት ላላት ብቻ ትሠራለች፤ ለሌላት፣ «ማንን ጭነን ነው የምናነሳው?» ብላ ትመልሳለች። የእኛ የሙስሊሞቹ ሴቶች ሲመጡ ደግሞ ለሶላት ታጥበሽ ውዱእ ታደርጊያለሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች። አደርጋለሁ ላለች በጠርዙ ተለጥፎ በማንኛውም ሰዓት የሚነሳውን ትሰጥና፣ «ከአላህ ጋር አታጣሉኝ፤ ከባሎቻችሁ ጋር መጣላቱ ይበቃኛል» ትላለች።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ ነበረች፤ መነጽር ታደርጋለች። ካለው ሁሉ ረጅሙን አምጪ ብላ ድርቅ አለች። እትዬ ስንዱ ልታስረዳት ሞከረች፣ እሷ ስልኳን ከፍታ የአንዲት ዘፋኝ ፎቶ አሳየቻት። ዘፋኟ መነጽር አታደርግም አለቻት፤ አልሰማችም። ለጠፈችላት። ልጅቷ መነጽሯን ስታደርግ ሽፋሽፍቱ መስታወቱን እንደ ዝናብ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ይለው ጀመር። «ጥሩ ነው፤ ክረምት እየመጣ ነው» ብላ ሸኘቻት።

በዚህ ሁሉ መሐል ለማንኛዋም የማትከለክለው አንድ ነገር ነበር፤ የጉሎ ዘይት። በትንሽ ብልቃጥ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሽፋሽፍት ያሳድጋል ወይ ስትባል፣ «እሱን እንጃ፤ ግን ሕፃን ዓይን ውስጥ ቢገባ አያቃጥልም። ከእኔ ዕቃ ሁሉ የማያጣላሽ እሱ ነው» ትላለች። ሴቶቹ ግን ለጉሎ ብለው ዳገት አይወጡም። እነሱ የሚፈልጉት ዛሬ ተኝተው ዛሬ አምረው መነሳት ነው።

ምርጫው ሁሉ አልቆ፣ ደንበኛዋ አልጋው ላይ ተዘርግታ፣ የሙጫው ክዳን ሊከፈት ሲል የመጨረሻው ሕግ ይመጣል።

«መጀመሪያ እናትሽ ጋ ደውዪ።»

ቀልድ አልነበረም። ካልደወለች አትለጥፍም። እናት የሌላት አባቷ ጋ፣ ሁለቱም የሌሏት ያሳደጋት ሰው ጋ ትደውላለች። አንዲት ሙሽራ፣ በር ላይ ያሸበረቀ ማኪና ጥሩንባ እየነፋባት፣ ሚዜዎቿ እያለቀሱ፣ እቤት ትታት የመጣችው እናቷ ጋ እንድትደውል ተገዳለች። እናቲቱም፣ «አሁን ከፊቴ ሄደሽ ምን ልትዪኝ ነው?» ብላ ዘጋችባት። እትዬ ስንዱ ድምጿን ሰማች፣ በቃት፣ ሙጫውን ከፈተች።

ሰፈሩ የራሱን ምክንያት ሰጥቶት ነበር። አንዳንዱ ጠንቋይ ነው ያዘዛት አለ፤ ሌላው የስልክ ኩባንያው ይከፍላታል አለ። እውነቱን አንድ ቀን ጸጉሯን ሳጥባት ነገረችኝ።

እኛ ዘንድ ሞት ወዲያው አይነገርም። ዘመድ ይመክራል፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ መርዶው ይረዳል። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ባለጉዳይዋ ብቻ አታውቅም። ሱቅ ትሄዳለች፣ ትስቃለች፣ ሰዉ ሁሉ ከወትሮው አስረዝሞ ሰላም ይላታል፤ ዛሬ ሰው እንዴት ወደደኝ ትላለች። ደግነት ነው ይባላል። እኔም ደግነት ነው እላለሁ፤ በእኔ እስኪመጣ።

«የእናቴን መርዶ ሲያመጡልኝ ቢጎዲን ጠቅልዬ ተኝቼ ነበር» አለችኝ እትዬ ስንዱ፣ ራሷን ገንዳው ላይ እንደደገፈች። «በማግስቱ የጓደኛዬ ቀለበት ነበራ። ሲፈታ እንደ ሙሽራ ተጠቅልሎ ትከሻዬ ላይ ወረደ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እናቷ ሞታ ጸጉሯን ተሠርታ አለ። እሱስ ይሁን። ቢጎዲኑን ማታ የጠቀለለችልኝ ጎረቤቴ ናት።»

«እና?»

«ታውቅ ነበር። እያወቀች ጠቀለለችልኝ። እንዲያውም አሳምራ።»

ከዚያ ውሃው በረደኝ አለች። ውሃው አልበረደም ነበር፤ ሙቁን ጨመርኩላት።

ሊዲያ ከሳሎኑ ከፍ ብሎ ባለው ግቢ ከአክስቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ቸርች ውስጥ ትዘምራለች፣ እናቷ ሆሳዕና ይኖሩ ነበር። የጓደኛዋ ሚዜ ልትሆን ስለነበር ለሳምንታት የሽፋሽፍት ጉዳይ እንቅልፍ ነስቷት ከረመ። በየማታው ከሥራ ስትመለስ ብቅ ትልና፣ ማስካራ ይሻለኛል ወይስ ተለጣፊ፣ ተለጣፊ ነው ወይስ ኤክስቴንሽን እያለች ታማክረናለች። አንዴ ማግኔት ወስና ሄዳ ከታክሲ ማዞሪያው ተመልሳ መጥታለች።

«ችግርሽ ምንድነው?» አለቻት እትዬ ስንዱ በመጨረሻ ተሰላችታ።

«ካሜራ ላይ እንዲታይ እፈልጋለሁ። ግን ደግሞ ፓስተሩ እንዳያዩት።»

«ካሜራ የሚያየው ፓስተር የማያየው ሽፋሽፍት። ይሄን ፈረንጆቹም አልደረሱበትም።»

ሊዲያ ሳቀች። እትዬ ስንዱ ይህችን ልጅ ትወዳት ነበር። መውደዷ የሚታወቀው አብዝታ ስለምትሰድባት ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሊዲያ አክስት እትዬ አበራሽ ወደ ሳሎኑ ገቡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። በሩን ገፋ አድርገው ከዘጉ በኋላ የሊዲያ እናት ማታ ሆስፒታል ውስጥ ማረፋቸውን ነገሩን። ልጅቷ አልሰማችም። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ያረዷታል፣ ማኪና ተዘጋጅቷል፣ ከዚያው ወደ ሆሳዕና ለቀብር ይወስዷታል። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል፤ የእናትየው ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል ተብሎ ሳይቀር።

«ዛሬውኑ ለምን አትነግሯትም?» አለች እትዬ ስንዱ።

«እንዴት ተደርጎ? ሽማግሌዎቹ በሥራ ላይ ናቸው። ደግሞ ልጅቷ እህል ትቅመስበት፣ ትተኛበት። ሌሊቱን ስታለቅስ ልትፈነዳ ነው?»

«ከሰዓት እኔ ጋ ቀጠሮ አላት እኮ። ሽፋሽፍት ልታስለጥፍ።»

እትዬ አበራሽ ጥቂት አሰቡ። «በቃ ለጥፊላት። እምቢ ካልሽ ትነቃለች። አደራሽን።»

ሲወጡ ደጅ ላይ ከአንዲት መንገደኛ ጋር ተሳሳሙ፤ ድምፃቸው ወዲያው የሌላ ቀን ድምፅ ሆነ። እትዬ ስንዱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወረንጦውን ከሻሿ ነቀለችው፣ መልሳ ሰካችው።

«ሐያት» አለችኝ፣ «እኔ አልጠቀልልም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ችግሩ መንገሩም አይቻልም፤ አደራ ነው፣ ደግሞም የእናትን ሞት ሳሎን ውስጥ ሰምታ ቀረች መባሉ ለልጅቷም ለዘመዶቿም ነውር ነው። እምቢ ማለትም መንገር ነው። መለጠፍ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ልጅቷ በእናቷ ስታለቅስ ሙጫው ዓይኗ ውስጥ እንዲገባ፣ ለቅሶ ደራሹም እናቷ ሞታ ተኳለች እንዲል መፍረድ ነው።

ሊዲያ ከሰዓት እየዘመረች መጣች። ሰዉ ዛሬ ምን ነክቶታል፣ ሁሉም ሰላም አለኝ አለች። እኔ ካስክ ሥር የተቀመጠችውን ደንበኛዬን አስተካክል ጀመር፤ የሚስተካከል ነገር አልነበራትም።

«ወስኛለሁ» አለች ሊዲያ። «አንድ በአንድ የሚለጠፈው። መካከለኛ ርዝመት።»

እትዬ ስንዱ ዕድሜዋን ሙሉ ለሸጠችው ዕቃ ያን ዕለት ጠላት ሆነች። ኤክስቴንሽን ያለሽን ነቅሎ ይሄዳል አለች። «ትናንት በደንብ ከተሠራ አይነቅልም ብለሽኝ ነበር» አለች ልጅቷ። ሽንኩርት ትከትፊያለሽ፤ «አክስቴ ናት የምትከትፈው»። በሆድሽ ትተኚያለሽ፤ «በጀርባዬ»። ሠርግ ላይ ታለቅሻለሽ።

«እኔ?» ሊዲያ ሳቀች። «ካለቀስኩ ስንት ጊዜዬ። በዚህ ሳምንት የማለቅስበት ምን አለኝ?»

እትዬ ስንዱ ሳል ያዛት። ሙጫው አልቋል አለች፤ ልጅቷ ያልተከፈተውን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠቻት። መብራት ሊጠፋ ነው አለች። ሌላ ጊዜ ሳንጠራው የሚጠፋው የቀጨኔ መብራት ያን ዕለት ቦግ እንዳለ ዋለ።

«ደንበኛ አትፈልጊም እንዴ አንቺ ሴትዮ?» አለች ሊዲያ፣ ግማሽ ተቆጥታ። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች። ከዚያ የእትዬ ስንዱን ድምፅ አስመስላ፣ ጎርነን አድርጋ፣ «መጀመሪያ እናትሽ ጋ ደውዪ» አለችና ስልኳን አወጣች። «የእሷ ተበላሽቷል ብለዋል። በወንድሜ ስልክ ያገናኘኛል።»

ቁጥሩን ስትነካ የእትዬ ስንዱ ሰፊ እጅ ስልኩ ላይ አረፈ።

«ዛሬ ተይው» አለች።

መጋረጃው ግማሽ ክፍት ስለነበር ሁለቱንም አያቸዋለሁ። ሊዲያ አሁንም ፈገግ እንዳለች ነበር። ፈገግታዋ ለመሄድ ጊዜ ወሰደበት።

«ለምን?»

እትዬ ስንዱ እጇን ከስልኩ ላይ አነሳች። «እ... ማለቴ... ኔትወርክ የለም» አለች። ስልኩ ሊዲያ እጅ ላይ እያበራ ነው፤ ኔትወርኩ ሞልቶ ይታያል።

ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋት አላውቅም። በዚያ ሳሎን ከሕጉ ነፃ የወጣች ሴት አልነበረችም፤ የዚያችን እንድትደውል የተገደደች ሙሽራ ወሬ ሊዲያም ሰምታለች፣ እንደ ቀልድ ታወራው ነበር። መላው ሰፈር ከጠዋት ጀምሮ በሚገባ ደብቋት የዋለውን ነገር እትዬ ስንዱ ባለማስደወሏ ብቻ ነገረቻት።

ሊዲያ ስልኩን ደረቷ ላይ በፊቱ ደፋችው። «ነገ ጠዋት ነው?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

እትዬ ስንዱ ደንበኛ ዓይኗን እንድትጨፍን ስትፈልግ በአንድ ጣቷ ግንባሯን መታ ታደርጋለች። እንደዚያ አደረገቻት። ሊዲያ ጨፈነች። እትዬ ስንዱ ሙጫውን ወደ መደርደሪያው መልሳ ከመስኮቱ ላይ የጉሎ ዘይቱን አነሳች። ጣቷን ነክራ የልጅቷን ሽፋሽፍት ትቀባት ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ እንደማይቸኩል ሰው።

ጥቂት ቆይቶ ከተጨፈነው ዓይን የወጣው እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

«ዘይቱ ያቃጥላል» አለች ሊዲያ።

«አዎ» አለች እትዬ ስንዱ። «ያቃጥላል።»

ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ምንም እንዳትሰማ የጸጉር ማድረቂያውን አነሳሁና የማንንም ጸጉር ሳልይዝ ከፈትኩት። እጄ እስኪዝል ባዶ አየር ሳደርቅ ቆየሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የሚመጣውን እኔም መስማት አልፈለግኩም። ብልቃጡ ተጋመሰ።

ሊዲያ ስትነሳ ፊቷን ታጠበች። ዓይኗ አብጦ ነበር።

«አክስትሽ ከጠየቀችሽ ዘይት ነው» አለች እትዬ ስንዱ።

«አንቺ አልነገርሽኝም» አለች ሊዲያ።

«አልነገርኩሽም።»

ጫማዋን አደረገችና ዳገቱን ወጣች። እትዬ ስንዱ በር ላይ ቆማ እስክትታጠፍ አየቻት። ከዚያ ገብታ ያን ቀን የነበሩትን ሌሎች ቀጠሮዎች በሙሉ እንድሰርዝ አዘዘችኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በክብር መጡ። ሊዲያ ለብሳ፣ ጸጉሯን አስራ፣ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው፤ ማንም አልገረመውም። የሚነገረውን እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ከዚያ ወግ ባለው መንገድ አለቀሰች። ሆሳዕና ሄዳ እናቷን ቀበረች። እትዬ አበራሽ ከሳምንታት በኋላ ሳሎናችን መጥተው ራሳቸውን እየታጠቡ የመርዶውን ነገር ያወሩት ነበር።

«አንድም ሳትጠረጥር» አሉ። «እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ። እንዲህ ያለ ሚስጥር የጠበቀ ሰፈር የት ይገኛል?»

«የትም» አለች እትዬ ስንዱ ከመጋረጃው ጀርባ። «እናንተስ ጉድ ናችሁ።»

ሕጉን ከዚያ በኋላም አልተወችውም። ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ደንበኛዋ ስትደውል፣ ስልኩ እየጠራ ሳለ፣ እትዬ ስንዱ ትንፋሿን ትይዛለች። የእናት ድምፅ «ሃሎ» ሲል ነው የምትተነፍሰው። ያን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሳየው ሁሌ የምቀልድበት ነገር እፈልጋለሁ።

የእትዬ ስንዱ የለቅሶ ድንኳን በሠልስቱ ፈረሰ። ሽፋሽፍቶቹ በሰላም ተርፈው ወደየሠርጋቸው ሄዱ። እኔ ሳሎኑን ለማጽዳት ከፈትኩ። ልጇ ይሸጠዋል፣ ያከራየዋል፣ አልወሰነም። መስኮቱ ላይ ብልቃጧ አለች። ወረንጦውን ግን አጣሁት፤ ሻሿ ላይ ተሰክቶ አብሯት ተቀብሮ ይሆናል ብዬ ሳስብ በሩ ተንኳኳ። ሊዲያ ናት።

«አላለቀስሽም» አለችኝ፣ ሳትቀመጥ።

«ምን፣ ስትቆጥሪ ነበር?»

«አቀርቅሬም አይሻለሁ። ስትታዘቢ ነበር የዋልሽው።»

መጥረጊያውን አስቀመጥኩ።

«ተኚ» አለችኝ።

ስንት ዓመት ሠርቼ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ አላውቅም። ሂጃቤን አላልቼ ጋደም አልኩ። ጣሪያው ላይ አንድ ጥግ የዝናብ ፍሳሽ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ሴቶቹ ሁሉ ሲያዩ የኖሩት እሱን ነው ለካ።

«እዚህ ላይ ሰው ሞቷል?» አልኩ፣ ከልማድ።

መልሱን የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ሊዲያ ከመስኮቱ ብልቃጡን አንስታ መጣች። ክዳኑን ሳትከፍት አጠገቤ ቆመች።

«መጀመሪያ እናትሽ ጋ ደውዪ።»

ደወልኩ። እናቴ አዲሱ ገበያ ሱቋ ውስጥ ናት። ስልኩ ሲጠራ ሊዲያን ቀና ብዬ አየኋት፤ ትንፋሿን ይዛለች።

«ሃሎ፣ ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ። «ስኳር እየመዘንኩ ነው።»

«ምንም። ደህና መሆንሽን ልጠይቅ ነው።»

«ደህና ነኝ። ሰው ቆሟል፣ ዝጊ።»

ዘጋሁ። ሊዲያ ተነፈሰች። በአንድ ጣቷ ግንባሬን መታ አደረገችኝ፤ ጨፈንኩ። ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«አያቃጥልም እኮ» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ ሊዲያ።

ብዙም አልቆየም።